ሁለት የጎደሉ ፀጉሮች

ዝንብ ሲያይ ሰው ሁሉ እሽ ይላል። እኔ ግን ዝንብ ሳይ «ነይ እስቲ፣ አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?» ነው የምለው። ሃያ ስድስት ዓመት ደሞዝ የበላሁት በዚህ ጥያቄ ነው። ከየፍራፍሬ እርሻው በወጥመድ የተያዙ ዝንቦች በአልኮል ብልቃጥ ሆነው ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ክፍሌ ይመጣሉ። እኔ በማይክሮስኮፕ አይቼ ይቺ እንዲህ ናት፣ ያቺ እንዲያ ናት እላለሁ፤ ወረቀቱ ላይ እፈርማለሁ፤ አለቀ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው «እትዬ ዝንቤ» ይለኛል። ፊት ለፊቴ የሚለኝ አለ፣ ዞር ስል የሚለኝም አለ። ዞር ስል የሚሉትን የማልሰማ ይመስላቸዋል፤ ጆሮዬ ግን ከዓይኔ አያንስም።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዝንብ ስም የላትም፤ ስሟ ገላዋ ላይ ነው ያለው። መጀመሪያ ፆታዋን ታያላችሁ። ሴቷ ጅራቷ ጫፍ ላይ እንቁላል የምትወጋበት መርፌ አላት፤ ወንዱ ሆዱ ጎንና ጎን ላይ እንደ ማበጠሪያ የተደረደረ ፀጉር አለው። ከዚያ ክንፍ፦ የጠርዙ ቡናማ መስመር የት ይሰፋል፣ የት ይጠባል? ከዚያ ፊት፦ ሁለቱ ጥቁር ነጥቦች አሉ ወይ? በመጨረሻ ጀርባ። የጀርባዋ መጨረሻ ላይ ጋሻ የምትመስል ቢጫ ቁራጭ አለች፤ እኛም ጋሻ ነው የምንላት። በዚያች ጋሻ ላይ አራት ፀጉር ይቆማል፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከጫፍ። የሰው ፀጉር ተቆጥሮ አያልቅም ይባላል፤ የዝንብ ፀጉር ግን ተቆጥሮ ያልቃል፣ አንዲት ብትጎድል የዘር ሐረግ ይለወጣል።

ፀጉር ደግሞ ይሰበራል። ስለዚህ ፀጉር የለም ከማለት በፊት ጉድጓዱን መፈለግ ነው። ፀጉሩ ቢወድቅ እንኳ የበቀለበት ጉድጓድ አይወድቅም። ጉድጓድ ካለ ፀጉሩ ነበረ፤ ጉድጓድ ከሌለ ከፍጥረቷም አልነበራትም። ይህን ያስተማረኝ ሎጋው ነው።

ሎጋው ስሙ አይደለም፤ ቁመቱን አይተው ያወጡለት ነው። ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር ስለማይገባለት ጎኑን ሰጥቶ ነበር የሚቀመጠው። ማይክሮስኮፕ ላይ ሲያጎነብስ ሰውየው ሳይሆን መሰላል የታጠፈ ይመስላል። እኔ በሃያ ሰባት ዓመቴ ስቀጠር እሱ ሠላሳ አምስት ነበር። ሚስቱ ሞታበት አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረችው፤ ልጅቱን ሩቅ ከተማ ያለች እህቱ ታሳድግለት ነበር። ወረንጦ አያያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ትንፋሽ ውጦ ክንፍ መገልበጥ ያስተማረኝ እሱ ነው። «እሜቴ» ነበር የሚለኝ። «እሜቴ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ተቆጥተሽ ነው የመጣሽው?» ይለኛል ገና በሩን ስከፍት። ሁልጊዜም የተቆጣሁት ሰው አይጠፋም ነበር፤ ስነግረው ይስቃል፤ ሲስቅ ንዴቴ ይበርድልኛል። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ክፍል፣ በሁለት ወንበር፣ በአንድ መስኮት ኖርን።

በዘጠነኛው ዓመት አንድ ጠዋት «እሜቴ፣ ነይ እስቲ ቁጠሪልኝ፤ ዓይኔን አላመንኩትም» አለኝ። አጎነበስኩ። ትናንት ማታ እኔ ወረቀት ጫፍ ላይ በሙጫ ያጣበቅኳት ዝንብ ናት። ሴት ናት። ክንፏ የተራዋ ዝንብ ክንፍ ነው፤ ፊቷም የተራዋ ነው። ጋሻዋ ላይ ግን ሁለት ፀጉር ብቻ! የጫፎቹ ሁለቱ አሉ፤ የፊቶቹ የሉም። ጉድጓድ ፈለግን። አገላብጠን፣ መብራቱን አቅርበን፣ አርቀን ፈለግን። የለም። ጭኗም ትንሽ ጠቆር ይላል። መጻሕፍቱን ሁሉ አወረድናቸው፤ እንደዚህች ያለች ዝንብ በአንዱም ውስጥ የለችም። ሰው ያላያት፣ ስም ያልወጣላት ዝንብ ሳናገኝ አልቀረንም። አልጮኽንም። ሎጋው ብቻ ግራ እጄን ያዘኝ፤ ቀኜ ወረንጦ እንደያዘ ነበር። ምናልባት አንድ ደቂቃ ይሆናል። ያቺን ደቂቃ እስከ ዛሬ አልጨረስኳትም።

ግን በአንዲት ሴት ስም አይወጣም። የዚህ ነገድ ዝንቦች ዘራቸው በእርግጥ የሚታወቀው በወንዱ ብልት ቅርጽ ነው፤ ወንዱ ካልተገኘ ማንም አይቀበላችሁም። አራት ወር ወንዱን ፈለግን፤ ጠፋ። በአምስተኛው ወር የሎጋው እህት ታመመችና ልጅቱን የሚይዛት ሰው ጠፋ። እዚያው ከተማ ሥራ አገኘና ሊሄድ ሆነ። ዕቃውን በካርቶን አቅፎ በሩ ላይ ቆመ። እኔ እዚያ ቆሜ የምናገረውን ስንት ቀን ሳብላላ ነበር መሰላችሁ! እሱ ቀደመኝ። «ወንዱ ሲገኝ ጥሪኝ። በዚያው ሳምንት እመጣለሁ» አለ። እኔም «እሺ» አልኩት። እሺ! ይኸው ነው ያልኩት። ሰው ሁሉ የሚፈራው የእኔ ምላስ በዚያች ቀን ሥራ ፈታ።

አሥራ ሰባት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ በየወሩ ይደውል ነበር፤ ከዚያ በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ሆነ። ጤና ይጠይቃል፣ ጤና እጠይቃለሁ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ ይልና «ወንዱ ተገኘ?» ይላል። «አልተገኘም።» «ይገኛል፣ አይዞሽ።» ይዘጋል። ታናሽ እህቴ አንድ ቀን አጠገቤ ቁጭ ብላ ሰማችና «የማንን ወንድ ነው ሁለታችሁ እንዲህ ስትፈልጉ የምትኖሩት?» ብላ በሳቅ ሞተች። ሥራ ነው ብዬ ተቆጣኋት። እሷ እንደሆነ ቁጣዬን እንደ ጉንፋን ለምዳዋለች። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ አንቺ ጋ ግን ባልም አልገባ» አለችኝ።

ሁለት ሰዎች ጠይቀውኝ ነበር። አንዱ ደኅና ሰው ነበር፣ አልዋሽም። ጊዜ የለኝም አልኩት። ምን ጊዜ ነው የሌለኝ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የሎጋውን ወንበር ከክፍሉ እንዳያወጡብኝ ከንብረት ክፍል ጋር ስንቴ ተጣልቻለሁ። «ትርፍ ወንበር ነው እትዬ» ይሉኛል። «ትርፍ እናንተ ናችሁ!» እላቸዋለሁ። ናፈቀኝ ማለት እኮ ቀላል ቃል ነበር፤ ለእሱ ግን አንድ ቀን አላልኩትም። በየብልቃጡ ወንዱን ስፈልግ ዓይኔ እስኪቀላ የምሠራው ለሳይንስ ነው ብለው አለቆቼ የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱን ሳየው እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት የወጥመዱ ሰው ብልቃጦቹን በሳጥን ይዞ እያለከለከ መጣ። ይህ ሰው በየእርሻው እየዞረ ወጥመድ የሚሰበስብ ነው፤ ሦስት ፎቅ በወጣ ቁጥር ሞትኩ ይላል፤ አሥር ዓመት ሙሉ ሳይሞት ሞትኩ እንዳለ ነው። «እትዬ ዝንቤ፣ የዛሬዎቹ ጢቅ ያሉ ናቸው፤ አንዱ ብልቃጥ ውስጥ ሦስት መቶ ሳይሆኑ አይቀሩም። መንገዱም አንገጫግጮ ፈጃቸው» አለኝ። ሂድ ውሃ ጠጣ ብዬ አሰናበትኩትና ሥራ ጀመርኩ።

ሦስተኛው ብልቃጥ ላይ ነው። ወንድ ነው፤ ማበጠሪያው ጎኑ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ጋሻው ላይ ሁለት ፀጉር። እንደገና ቆጠርኩ። ሁለት። የፊቶቹ የሉም። ወረንጦውን ቀስ ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

አሁን ስሙኝ። ከአልኮል የወጣ ዝንብ ሳይደርቅ ስም አይጠራም። እርጥብ ዝንብ ላይ መብራት ያብለጨልጫል፤ ጉድጓድ ቢኖር እንኳ ውሃው ሞልቶት አይታይም። ይህን እኔ ነኝ ለስንቱ ያስተማርኩት። ይህን ሳይጠብቅ የፈረመ ሠራተኛ አንድ ጊዜ በአደባባይ ሰድቤአለሁ። ያን ቀን ግን የማውቀው ሁሉ ከራሴ ተነነ። ዝንቡ ገና ከአልኮሉ ሳይደርቅ ስልኩን አነሳሁ።

«ተገኘ» አልኩት። ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም።

በስልኩ ውስጥ ሲተነፍስ እሰማዋለሁ። ደረቀ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ከሰው ሁሉ እሱ ነበር መጠየቅ ያለበት፤ እሱም ረሳው።

«ሐሙስ እመጣለሁ» አለ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ነው። ሰኞን እንዴት እንዳሳለፍኩት ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ፀጉሬን ታጠብኩ። ክፍሌን ጠረግኩ፣ መስኮቱን በሳሙና አሸሁ፣ ወንበሩን ወለወልኩ። እህቴ ማታ መጥታ ፊቴን አየችና «ምን ሆነሻል? የደበቅሽኝ ነገር አለ» አለች። ነገርኳት። የራሷን ሰማያዊ ቀሚስ አምጥታ አልጋዬ ላይ ወረወረችልኝ። «ይህን ትለብሻለሽ። ስለ ዝንብ ብቻ ስታወሪ ውለሽ ብትልኪው ግን እኔ እህትሽ አይደለሁም» አለች።

ማክሰኞ ጠዋት ዝንቡ ደርቆ ጠበቀኝ። አዲሱን ማይክሮስኮፕ አበራሁ፤ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ዙሪያውን ቀለበት መብራት አለው፣ ጥላ የሚባል ነገር አያስቀርም። ጋሻውን አቀረብኩ። ከፊት በኩል፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ጉድጓድ። ሚስማር የተነቀለበት ግድግዳ አይታችኋል? እንደዚያ። ፀጉሮቹ ነበሩ፤ ሦስት መቶ ዝንብ በአንድ ብልቃጥ ሲንገጫገጭ ተነቅለው ወድቀዋል። ወንዱ አይደለም። ተራው ዝንብ ነው፤ በዓመት አሥር ሺህ የማየው ተራው ዝንብ።

ምን ይደረጋል፣ አንድ ወንድ ቀረ ማለት ነው ብዬ ልተወው እችል ነበር። ግን አንዴ የገባ ጥርጣሬ አይወጣም። መሳቢያውን ከፈትኩ። ሴቷ በስፒሏ ላይ፣ በጠባቧ ወረቀት ጫፍ ተጣብቃ አለች። ለዓመታት ማይክሮስኮፕ ሥር አላስገባኋትም ነበር። አንድ ለእናቷ ስለሆነች እንዳትሰበር ነው እል ነበር። እውነቱን ልናገር? ፈርቼ ነው።

አስገባኋት። ቀለበቱ መብራት ጋሻዋ ላይ ሲያርፍ ቀጭን ነገር አብለጨለጨ። ሙጫ ነበር። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ወረቀቱ ላይ ያጣበቅኳት እኔ ነኝ፤ ሙጫው አንዲት ጠብታ በዝቶ ጀርባዋ ላይ ፈሶ እንደ ብርጭቆ ደርቋል። በድሮው ደብዛዛ መብራት የጋሻዋ ልስላሴ መስሎን ነበር። ለብ ያለ ውሃ በብሩሽ ጫፍ ነካሁባትና ጠበቅኩ። እንደገና ነካሁ። ሙጫው እንደ ቆዳ ተልጦ ወጣ። ከሥሩ ሁለት ጉድጓድ። የጭኗም መጥቆር ሌላ ምንም አይደለም፤ አርጅታ የተያዘች ዝንብ ሁሉ ይጠቁራል። አዲስ ዝንብ የሚባል ነገር አልነበረም። አሥራ ሰባት ዓመት የፈለግነው ወንድ ሚስት አልነበረችውም።

ስልኩን አነሳሁ። ቁጥሩን እንኳን በዓይኔ በእጄም አውቀዋለሁ። ሎጋው አውቶቡስ የሚሳፈረው ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ማክሰኞ ሙሉ ቀን ነበረኝ። «ተሳስቻለሁ፣ አትምጣ» ማለት ነው፤ ሁለት ቃል። ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት። ከምሳ በኋላ አነሳሁት፤ አስቀመጥኩት። ይምጣ አልኩ ለራሴ። ብቻ ይምጣ። መጥቶ ራሱ ይየው፤ አንድ ጊዜ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ልየውና ከዚያ የፈለገው ይሁን። ሰው እንዲህ ክፉ ይሆናል? ይሆናል። እኔ ሆንኩ።

ሐሙስ ቀትር ላይ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄድኩ። ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሻለሁ፤ ወገቤ ላይ ይጠበኛል፣ ትንፋሼን ውጬ ነው የቆምኩት። ሰው ሁሉ ከወረደ በኋላ እሱ ብቅ አለ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ቁመቱ እዚያው አለ። እግሩን ዘርግቶ ደረጃውን ፈለገው፤ መጀመሪያ ሳተው፣ ከዚያ አገኘው። እርጅና ነው ብዬ አሰብኩ። ሮጬ ክንዱን ያዝኩት።

«እሜቴ» አለ። «ዛሬ ማንን ተቆጥተሽ ነው የመጣሽው?»

ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ግን የሚያየው ከፊቴ ጎን ነበር፣ አንድ ስንዝር ወደ ግራ።

«ጆሮሽ አላረጀም» አለኝ።

«ምን?»

«የዓይኔ መሐሉ ጠፍቶብኛል። ጠርዝ ጠርዙን ነው የማየው። ፊት ለፊት ሳይሽ አንቺ የለሽም፤ ወደ ጎን ሳይ ጆሮሽ ይመጣል።» ሳቀ። «ሁለት ዓመት ሆነው። ሐኪሞቹም ከዚህ ወዲያ ምንም የለም ብለውኛል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ወንዱን መፈለግ ትተዪ ነበር።»

ክንዱን ይዤ ስንሄድ ብዙ አወራኝ። ልጁ ብቻህን አትሄድም ብላ አልቅሳለች፤ ለዝንብ ብለህ ገደል ትገባለህ ብላዋለች። እሱ ግን በእጁ በትር እንኳ አልያዘም። «ስንት ዓመት ሰው ያወጣውን ስም እያነበብኩ ነው የኖርኩት» አለኝ። «አንዲት ነገር እኔ ስም አውጥቼላት፣ ከዚያ ዓይኔ ከፈለገ ይጥፋ። ከፈቀድሽልኝ አንድ ወር እዚህ እቆያለሁ፤ አንቺ እያየሽ፣ እኔ እየጻፍኩ... መጻፍስ አልችልም፤ እኔ እየተናገርኩ አንቺ ትጽፊያለሽ።» እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ ነበር። ይህን ሰው ነው ሁለት ቀን ዝም ብዬ፣ ደረጃ እየሳተ ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ እንዲመጣ ያደረግኩት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሦስተኛ ፎቅ ወጣን። በእጁ ግድግዳውን እየዳሰሰ ክፍላችንን ራሱ አገኛት። ወንበሩን ነካው፤ ዳሰሰው። «አልጣሉትም?» አለ። «ማን ወንድ ነው የሚጥለው!» አልኩት። ጎኑን ሰጥቶ ተቀመጠ፣ ልክ እንደ ድሮው። ሴቷን ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግኩለት። ከልማዱ የተነሳ አጎነበሰና ዓይኑን ደቀነ። ትንሽ ቆየና ቀና አለ።

«ብርሃን ነው የማየው፤ መሐሉ ላይ ማንም የለም» አለ። «ነይ፣ አንቺ እይልኝ። ከመጀመሪያው ጀምሪ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ትከሻው ትከሻዬን ይነካኛል። ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቀንኩ።

«ክንፏ?»

«ጠርዙ ቡናማ ነው፤ ጫፉ ላይ ሰፋ ይላል።»

«ፊቷ?»

«ሁለት ነጥብ።»

«ጋሻዋ?»

«ሁለት ፀጉር። የጫፎቹ።»

«የፊቶቹስ? ጉድጓድ አለ?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ለዚህ ሰው ግን እኔ ካላጠራሁለት ማንም አያጠራለትም፤ ዓይኑ እኔ ነኝ። የለም ብል አንዲት ቃል ናት። አንድ ወር። በየጠዋቱ ጎን ለጎን፣ እሱ ሲናገር እኔ ስጽፍ፣ ትከሻው ትከሻዬን እየነካ። ደግሞም ደስ ብሎት ይሞታል። ማን ይጎዳል? አንዲት ደረቅ ዝንብ? አፌ የለምን ይዞ ተከፈተ። ግን ከጎኔ ያለው ሰው ትንፋሹን ውጦ እየጠበቀ ነበር፤ እኔን ትንፋሽ መዋጥ ያስተማረኝ ራሱ ነው፤ እሱን መዋሸት አቃተኝ።

«አለ» አልኩት። «ሁለት ጉድጓድ አለ።»

አንገቱን ወደ ድምፄ አዘነበለ።

«ሙጫ ፈሶባት ነበር። ሙጫው የእኔ ነው፤ ያን ጊዜ እኔ ነኝ ያጣበቅኳት። የሰኞውም ወንድ ፀጉሩ ወድቆ ነው እንጂ ተራ ነው። አዲስ ዝንብ የለም ሎጋው። አልነበረምም።»

እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ሰበሰበው። ፊቱ ላይ የወረደውን ነገር ባላየሁት ምን ነበረበት። የእኔ ዓይን ጤነኛ ነው፤ ሁሉንም አየሁት።

«መቼ ነው ያየሽው?» አለ።

«ማክሰኞ።»

«እኔ የተሳፈርኩት ረቡዕ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልደወልሽም?»

«ብደውል ኖሮ ትመጣ ነበር?»

ይዋሽልኝ ብዬ ስጸልይ ነበር። ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ ለእኔ ብሎ፣ ጉድጓዱን የለም ይበልልኝ።

«አልመጣም ነበር» አለ።

ያላየውን አየሁ የማይል ሰው ነው። የወደድኩትም ለዚህ ነው፣ ያን ቀን የገደለኝም ይኸው ነው። ልቤ ቁርጥ አለ። ከልቤ መቆረጥ በኋላ ግን የምፈራው ነገር አልቀረም፤ አሥራ ሰባት ዓመት ያልታዘዘልኝ ምላስ ራሱ ተፈታ።

«እኔ ወንዱን አልነበረም የምጠብቀው» አልኩት። «አንተን ነው። በየብልቃጡ ስፈልግ የኖርኩት አንተ የምትመጣበትን ምክንያት ነው። በሩ ላይ ካርቶን አቅፈህ የቆምክ ጊዜ አትሂድ ልልህ ነበር፤ እሺ አልኩህ። ዝንብ እሽ የማትል ሴት እንዳይመስልህ፤ ሰው ሁሉ ይፈራኛል፤ አንተን ግን ፈራሁህ። ይኸው ነው። አሁን ከፈለግህ ተቆጣ።»

አልተቆጣም። አንገቱን ወደ መስኮቱ ዘወር አደረገ፤ ፊቱን ያዞረብኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ በዓይኑ ጠርዝ ሊያየኝ ነው። ለረጅም ጊዜ እንዲያ አየኝ፣ መስኮቱን የሚያይ መስሎ እኔን።

«የመመለሻ ትኬቴ የእሑድ ነው» አለ። «ወር ከቆየሁ እቀይረዋለሁ ብዬ ነበር፤ ለልጄ ግን የእሑዱን ነው ያሳየኋት።»

«እሑድ» አልኩ።

«ዛሬ ሐሙስ ነው። ዝንብ ከሌለ...» አለና እጁን ወደ እኔ በኩል ሰደደ፤ ክንዴን አገኘው፣ እዚያው ላይ አሳረፈው። «እስከ እሑድ ምን እንሠራለን?»

አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ሰው በሐሳቤ ስንቴ አምጥቼዋለሁ! ከአውቶቡስ አውርጄዋለሁ፣ ደረጃውን አውጥቼዋለሁ፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሼዋለሁ። ሐሳቤ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ አብረን የምንሄድበት አንድ መንገድ፣ አብረን የምንበላው አንድ ምሳ፣ አብረን የምንውለው አንድ ቅዳሜ እንኳ አስቤለት አላውቅም።

«እኔ እንጃ» አልኩት፤ ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላኝ ሴት፣ ክንዴን እንደያዘኝ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።